ለኡም ኻሊድ የሄደው ትሪ

ጋራዡ ሁሉ በኮሮና በተዘጋበት ረመዳን፣ ዐረብ አገር፣ ኻልዳ በሚባል ሰፈር በሠራተኝነት የምኖርበት ቤት አባወራ፣ ባባ፣ የመኪናውን ፍሬን ራሱ ሊያድስ ተነሳ። መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ ከሥሩ ድጋፍ አድርጎ፣ ጎማውን ፈታና ካሊፐር የሚባሉትን፣ ዲስኩን ቆንጥጠው የሚይዙትን ብረቶች አወጣ። ፈግፍጎ ቀይ ቀባቸው። ቀለሙ እንዲደርቅለት ደግሞ በትሪ አድርጎ የሚስቱ የማዳም ኦቨን ውስጥ ከተታቸው! ማዳም ጮኸች፤ ማን ሰምቷት። አሁን የጎደለው የፍሬን ዘይት ብቻ ነበር፤ ሱቁ ዝግ ነው፣ ከየት ይምጣ?

ለማፍጠር ጥቂት ሲቀረን ማዳም "ዘሀራ፣ ያላ! ዶሮውን ለኡም ኻሊድ አድርሺ" አለችኝ። ኡም ኻሊድ ፊት ለፊታችን ያሉ ጎረቤት ናቸው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ በፎይል የተሸፈነ ትሪ አየሁና ብድግ አደረግኩት። ከበደኝ። "ዘንድሮስ ማዳም ቸር ሆናለች" እያልኩ ወሰድኩት፤ ጊዜው የኮሮና ነውና ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ፣ ደወሉን ተጭኜ ተመለስኩ።

አዛን ብሎ አፈጠርን። ባባ ብረቶቹን ሊያይ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ትሪ ሲገልጥ ዶሮ አገኘ።

"ያ ፈዲሓ! ምን ዓይነት ውርደት ነው!" ማዳም ራሷን ያዘች። "ቀኑን ሙሉ ጾማ ለዋለች ሴት ብረት!"

ማን ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ? ባባ እኔን ያያል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ደወሉ ጮኸ። ስከፍት ሰው የለም፤ ትሪያችን ብቻ እንደተሸፈነ ቁጭ ብሏል።

እዚህ አገር የጎረቤት ትሪ ባዶውን አይመለስም። ፎይሉን ስገልጠው ካሊፐሮቹ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ መሃላቸው አንድ ሙሉ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት።