ባንክ የገባ በሬ

ሆሳዕና ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤትና በቤቴ መካከል ባለ አንድ ባንክ በር ላይ የገንዘብ ማሽን አለ። ይሠራል ግን አልልም። መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ እንኳን ደህና መጡ ይላል፣ ካርድ ይውጣል፣ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ትሕትና በኋላ "ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አልቻልንም፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን" ብሎ ካርዱን ይተፋል። ይህን "ለጊዜው" የሚሉትን ነገር ካወቅሁት ሰንብቻለሁ። የደመወዝ ሰሞን ለጊዜው ነው፣ የማዳበሪያ ሰሞን ለጊዜው ነው፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስም ለጊዜው ነው። ሰው ብር የማይፈልግበት ሰሞን ካለ ምናልባት ያኔ ይሠራ ይሆናል፤ እኔ አልደረስኩበትም።

ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ አልክድም። ግን ስለ አባቴ በሬ ልንገራችሁና ፍረዱ።

አባቴ ሌሞ ውስጥ፣ ከከተማው በፈረስ ጋሪ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው። የመንደሩን የመስቀል በሬ የሚገዛው ማኅበር ሰብሳቢ ሆኖ ነው ያረጀው። እኛ ዘንድ መስቀል ዓመቱን ሙሉ ይዋጣለታል፤ ሴቶቹ ቅቤያቸውን በየተራ ያጠራቅማሉ፣ ወንዶቹ ለበሬው ያዋጣሉ። ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ስለ ደመራው ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ አስተያየት አላት፣ ስለ ሥጋው ግን ምንም ብላ አታውቅም። በሬው ታርዶ በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ያለውም የሌለውም ከአንድ በሬ ይበላል። ሰብሳቢው በሬውን በሰዓቱ ካላቆመ ግን ወሬው እስከሚቀጥለው መስቀል ከቤቱ ደጃፍ አይጠፋም። አባቴ ይህ ደርሶበት አያውቅም ነበር።

ገንዘቡ የሚቀመጠው በእንጨት ሣጥን ነበር። ሣጥኑ አባቴ ቤት፣ ቁልፉ ሌላ ሽማግሌ ቤት። በዚህ ዓይነት ሲኖሩ አንድ ቀን የዚያው ባንክ ሰዎች ካኔተራ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው መንደሩ ድረስ መጡ። ሣጥን ውስጥ ያለ ገንዘብ የሞተ ገንዘብ ነው ብለው ሰበኩ። ለሽማግሌዎቹ ጃንጥላ ሰጡ። ጃንጥላው ጥሩ ነበር፣ አሁንም አለ።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው እሺ አሉ፤ አካውንቱ በአባቴ ስም ተከፈተ። አባቴ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ። የበሬ ገንዘብ ከሌላ ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም። ሣጥኑ ውስጥ እንኳን የራሱን ብር አንድም ቀን አስገብቶ አያውቅም፤ እንደ ነውር ነው የሚያየው። ስለዚህ ባለ ካኔተራውን "የበሬውን ለብቻው ታስቀምጡልናላችሁ?" አለው። ወጣቱ ሳቀና "ለብቻው ነው አባባ፣ አያስቡ" አለው። አባቴ ደስ ብሎት ተመለሰ። በእሱ ሐሳብ ባንኩ ውስጥ የሆነ ቦታ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ የመንደሩ በሬ ቁጭ ብሏል።

መስቀል ሲቃረብ፣ ከበዓሉ በፊት ካለው የመጨረሻ የከብት ገበያ አስቀድሞ፣ ብሩን ሊያወጣ ከተማ ገባ። አብሬው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል "አባባ፣ ካሽ የለም፤ ለሰው ትንሽ ትንሽ ነው የምንሰጠው" አለችው። የምትሰጠው ትንሽ የበሬ ጭራ አይገዛም።

አባቴ አልተናደደም። የገባት አልመሰለውም። በረጋ አማርኛ "የሌላ ሰው አልጠየቅኩም፤ የእኛን ነው። ለብቻው ያስቀመጣችሁትን" አላት።

ልጅቷ አጠገቧ ያለውን ባልደረባዋን አየችው፣ እሱም አያት፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ሽማግሌ የሰጠኋችሁን መልሱልኝ ሲል ምኑ እንደሚያስቅ ዛሬም አልገባኝም። ደሜ ፈላና ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ እንደ ማሽኑ። ወንበር ሳበልኝ። "ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ለአባትሽ አስረጂያቸው እንጂ። ገንዘቡኮ አለ። ካሹ ነው የሌለው" አለኝ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አለም የለምም የሚባል ቁጥር እስካሁን አላጋጠመኝም።

"ትራንስፈር ግን አሁኑኑ ማድረግ እንችላለን" አለ ቀጥሎ። "በሬ ሻጩ አካውንት የለውም?"

በሬ ሻጩ ከአንጋጫ በኩል በሬውን እየነዳ በእግሩ የሚመጣ ሰው ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀዬ ይኖራል። ብሩን እጁ ላይ ቆጥሮ፣ ቀጥሎ ካለው ድንኳን ጨውና ልብስ ገዝቶ ሳይመሽ መመለስ ይፈልጋል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው "ቀስ በቀስ ይለምዳሉ" አለኝ ዐይኑን በጨው ታጥቦ። እያወራን ሳለ አንድ ነጋዴ በጓሮ በር ገብቶ ያበጠ ፌስታል ይዞ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ማየት ጀመረ።

ስንወጣ ከባንኩ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት ጠራን። ወደ እሱ አካውንት ካስተላለፍንለት የራሱን ድርሻ ቀንሶ ካሽ ይሰጠናል። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ሱቅ ሞልቷል፤ ባንኩ የማይሰጠውን ብር ባንኩ ፊት ለፊት ይሸጡታል። የት አመጡት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አባቴ ነገሩን በሀዲይኛ ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ "የራሳችንን ብር ልግዛ? ለሰዎቹ ምን ብዬ?" አለኝና ጋሪ ፍለጋ ሄደ።

በማግስቱም ሄድን፣ ከዚያ በኋላም ሄድን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። አባቴ በየምሽቱ መንደሩ ሲገባ ሰው ከየአጥሩ ብቅ እያለ ይጠይቀዋል። እናቴ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ላይ የባንኩን ነገር ሊያስረዳቸው ይሞክር ነበር፤ በኋላ ግን በጓሮ መንገድ መግባት ጀመረ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ በጓሮ የገባው ላም ሲያባርር ብቻ ነው።

የገበያው ዋዜማ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባንኩ በር ላይ ጉድ አየሁ። ጥበቃው የድንጋዩን ጠርዝ ነጭ ቀለም ይቀባል። አበባ ተተክሏል። የማሽኑ መስታወት ተወልውሏል። ጥበቃው የተማሪዬ አባት ነው፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ቲቸር፣ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ማሽኑን አጉርሰውታል። ቶሎ በይ" አለኝ።

አባቴን በስልክ ጠራሁት። ማሽኑ በአንድ ካርድ በቀን የሚሰጠው ልክ አለው፤ የበሬ ዋጋ በአንድ ካርድ አይወጣም። አስተማሪዎች ክፍል ገብቼ ካርድ ያለው ሁሉ እንዲነሳ ጠየቅኩ። ምስጋና ይግባቸውና ማንም ለምን አላለም፤ ሁሉም የበሬ ነገር ያውቃሉ። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ትራንስፈር ያስደርግ ጀመር፤ ትራንስፈር እንደሆነ አለ። የመንደሩ ገንዘብ ወደ ፊዚክስ መምህሩ፣ ወደ ባዮሎጂዋ፣ ወደ ስፖርት መምህሩ አካውንት እየተበተነ ሄደ። የበሬን ገንዘብ ከሌላ ገንዘብ ጋር መቀላቀል ነውር የሚለው ሰው ይህን ሲያደርግ ፊቱን ማየት አልፈለግኩም። እኛ ደግሞ ማሽኑ ፊት ተሰለፍን።

ተቆጣጣሪዎቹ ሲደርሱ ሰልፉ ደርቷል። ደስ አላቸው። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ እኛ ዘርግቶ "ማኅበረሰቡ፣ እንደምታዩት፣ በዲጂታል አገልግሎቱ እየተጠቀመ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ካርዴን ያዝልኝ ብዬው በእጁ ይዞታል። አብሯቸው የመጣው ባለ ካሜራ እሱን ሲያይ ጮቤ ረገጠ። ሽማግሌ፣ ጋቢ፣ ካርድ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያለ አነሳው።

ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱን ጠጋ ብዬ ምን እንደሚቆጣጠሩ ጠየቅኩት። "ማሽኑ በአግባቡ መሥራቱን እናረጋግጣለን" አለኝ።

"ውስጡ ብር መኖሩንስ?"

"እሱ የቅርንጫፉ የውስጥ አሠራር ነው።"

"ከነገ ወዲያ ባዶ ቢሆን የሚጠየቅ አለ?"

"ማሽኑ በሥራ ላይ ካለ፣ አለ ተብሎ ነው ሪፖርት የሚደረገው" አለኝና ሰዓቱን አየ። ስለ ጥበቃው ዩኒፎርም፣ ስለ በሩ መፈተሻ፣ ስለ ባንኩ ታፔላ ስፋት ደንብ አለ። ሰው የራሱን ብር ስለሚያገኝበት ነገር ደንብ ካለ ይህ ሰው አላነበበውም። ለነገሩ እሱ ብር አጥቶ አያውቅም፤ እሱ በሄደበት ሁሉ ማሽን ይጎርሳል።

መኪናቸው ከመንገዱ ሳይጠፋ ማሽኑ "ለጊዜው" አለ። ከሰልፉ ገና ብዙ ሰው ቀርቶ ነበር። ከሙዱላ ድረስ የመጣ ሰው ከኋላችን ቆሞ ነበር፤ ካርዱን ኪሱ ከተተ። እኛም ያገኘነውን ሰብስበን ስንደምረው ለአንድ ደህና በሬ አይበቃም።

በማግስቱ ገበያው ላይ አባቴ ከሳምንታት በፊት አይቶ የተስማማበትን በሬ አንድ ባለ ሆቴል በጥሬ ብር ገዝቶ ሲነዳው አየን። አባቴ በሬው እስኪርቅ ድረስ አየው። ከዚያ አንድ ከሲታ ወይፈን ገዛን፤ ሻጩ ራሱ ሲሸጥልን አፈረ።

ሲታረድ ሥጋው ለሁሉም መደብ አልተዳረሰም። በእንሰት ቅጠሎቹ ላይ ቢከፍሉት ቢከፍሉት አንድ ቤት ይጎድላል። አባቴ ቢላውን አስቀምጦ "ባንክ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የእኔን ዕጣ አታስገቡ" አለ። ጎረቤቶቹ እምቢ ብለው ተከራከሩት፤ አልሰማም። ያን መስቀል እናቴ ያጠራቀመችውን ቅቤ አንጥራ በጎመንና በቆጮ በላን። ማንም አልተራበም። አባቴ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የበላው።

ፎቶው ታትሞ የባንኩ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ሙሉ ሰው ያህላል። አባቴ ፀሐይ በዐይኑ ገብታ ዐይኑን አጥብቦ ያያል፣ ካርዴን ይዟል፣ ከሥሩ "ገንዘብዎ በእጅዎ" ተብሎ ተጽፏል። ማሽኑ ካርዴን በተፋ ቁጥር ዐይን ለዐይን እንገጣጠማለን። ይነሳልኝ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ብጠይቀው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፣ አይነካም አለኝ።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ አይቶታል። ረጅም ሰዓት አየው። "ብሩ ሲያልቅ ፊቴን ከዚህ አላወረዱትም?" አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

የመንደሩ ገንዘብ ዘንድሮ ተመልሶ ሣጥን ገብቷል። ሣጥኑ ግን አባቴ ቤት አይደለም፤ ሰብሳቢነቱን ራሱ ተወው። ቁልፉን እንኳን ያዝልን ብለው ሽማግሌዎቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ለምነውት ነበር። እጁን ጋቢው ውስጥ እንደከተተ "ለሌላ ሰው ስጡት" አላቸው።