ያልተኮሰው ወንድሜ

ያን ቀን ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ንዴቴ የጀመረው ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው።

በስደት በምንኖርበት በዚህ አገር ዳክዬ የሚታደንባቸው ረግረጎች ጠባቂ መሥሪያ ቤት አላቸው። በየትኛው ውሃ እንዳለ፣ ወፍ መግባት አለመግባቱን ለአዳኞች የሚናገር የኢንተርኔት ገጽም አለው። ከዋዜማው ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳነበው «ውሃው ጥሩ ነው» ይላል። እሱን አምኜ ሺፍቴን ከሰው ጋር ተቀያየርኩ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የቅዳሜን ሺፍት የሚወስድልኝ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ከዌስት ፉትስክሬይ ገና ሳይነጋ ወጥቼ፣ ፍሌሚንግተን ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ታላቅ ወንድሜን፣ ወንድምጋሼን አነሳሁና ወደ ምዕራብ ነዳሁ።

ወንድምጋሼ አያድንም። የአደን ላይሰንስም ጠመንጃም የለውም። የሚመጣው ለውሃው ነው። ሁለታችንም ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው ያደግነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ፎቅ ላይ ከሚታየው አስፋልትና የትራም ሽቦ ሌላ ነገር ማየት ሲያምረው «መቼ ነው የምትሄጂው?» ይለኛል። እኔን አደኑን ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ነው። በሰፈራችን ሴት ልጅ፣ ያውም ሻሽ ያሰረች፣ ጠመንጃ ይዛ ረግረግ ለረግረግ ትዞራለች ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ወንድምጋሼ ግን አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ያመጣሁለትን ዳክዬ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ጠብሶ ይበላል፣ አላህ ይስጥሽ ይላል፣ በቃ።

ደረስን። ውሃ የለም። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ ሸምበቆው ደርቆ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ውሃ የሚያስገባው የቦዩ በር ተዘግቷል፤ መዘጋቱም የትናንት አይደለም፣ ብረቱ ላይ ሸረሪት ድር አድርቶበታል። ከዚያ ሁሉ ረግረግ የተረፈው መሃል ላይ ያለ አንድ ኩሬ ብቻ ነው። እንደ እኔ ያንን ገጽ ያመነ ሁሉ ኩሬዋን ከቧታል። መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን ያን ያህል መንገድ ነድቼ ባዶ እጄን መመለሱ አናደደኝና ቀረሁ።

ላይሰንስ የሌለው ሰው እስኪረፍድ ድረስ ውሃው አጠገብ መድረስ ስለማይፈቀድለት ወንድምጋሼ መኪና ውስጥ ቀረ። እኔ ከዳር ቦታ ያዝኩ። በስተቀኜ አንድ ቀይ ፊት ሰውዬ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ሰላም አልኩት፤ በአገጩ መለሰልኝ። ተኩስ ሲጀመር ግን ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ አየሁ። ጥይቱ በወጉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ በሚበረው ሁሉ ይተኩሳል። ወፎቹ ይቆስላሉ እንጂ አይወድቁም፤ እግራቸውን አንጠልጥለው ወደ ማዶ ይሄዳሉ፣ እዚያ የትም ወድቀው ይሞታሉ። እሱም «ነካኋት!» እያለ ይስቃል። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ሁለት መታሁ፤ ሁለቱም ፊት ለፊቴ ወደቁ፣ አነሳኋቸው።

ረፈድ ሲል ወንድምጋሼ ጃኬቱን ለብሶ መጣና አጠገቤ ቆመ። ወዲያው ከማዶ ጥቂት ዳክዬዎች ዝቅ ብለው መጡ። ጠመንጃዬን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት። ሰውነታቸው ጠቃጠቆ፣ ጭንቅላታቸው ከኋላ ሾጠጥ ያለ ነው። እነዚህን መምታት ክልክል ነው። ላይሰንስ ስናወጣ በቪዲዮ እያሳዩ የሚፈትኑን ስለነሱ ነው፤ ማንም አዳኝ አላውቃቸውም ማለት አይችልም።

«ተዋቸው! አይመቱም!» ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ።

ሰውየው ተኮሰ። አንዷ ክንፏ ተሰብሮ ከእኛ ብዙም ሳትርቅ ውሃው ላይ ወደቀች። ቀና ብሎ አያት። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች ሲያውቅ ፊቱ ሲለዋወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቁጭ አለ። የመታውን ወፍ ሄዶ ማንሳት፣ ወይም ስቃይዋን ማሳጠር የአዳኝ ግዴታ ነው፤ እሱ ግን ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ ቀዳ። ወፏ በአንድ ክንፏ እየቀዘፈች ትዞራለች።

ወንድምጋሼ ጫማውን አወለቀ።

«ወንድምጋሼ፣ ተው። እንዳትነካት።»

«እንዴት ነው የማልነካት? አታያትም እንዴ ስትሰቃይ?»

ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። ያዛትና በጃኬቱ ጠቀለላት። ይዟት ሲወጣ፣ ከሸምበቆው ጀርባ አንድ የአደን ተቆጣጣሪ ብቅ አለ። ወጣት ነው፤ ዩኒፎርሙ ገና ውሃ ያልነካው አዲስ ነው።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አለው።

ወንድምጋሼ ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ አሳየውና «ሶሪ፣ ሶሪ» አለ፤ ወፏን እያየ። እኛ ዘንድ ለታመመም፣ ለወደቀም፣ ላዘነም «ሶሪ» እንላለን፤ አይዞሽ፣ ምስኪን ማለታችን ነው። ተቆጣጣሪው ግን «ይቅርታ» ብሎ ጥፋቱን ያመነ መሰለው።

«እንዲህ ዓይነት ወፍ ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል መሆኑን ታውቃለህ? ላይሰንስህን አሳየኝ።»

«ላይሰንስ የለውም፤ ጠመንጃም የለውም» አልኩ። «በምን ሊመታት ይችላል? በጫማው?»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ የመታሻት።»

ያኔ ጮህኩ። ሰውየውን በጣቴ እያሳየሁ፣ እሱ ነው፣ ተው ብዬዋለሁ፣ ኩሬው ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል አልኩ። ተቆጣጣሪው ወደ ሰውየው ዞረ። ሰውየው ኩባያውን እንደያዘ ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ ምንም አላየሁም፣ ወዳጄ።»

ጓደኞቹም አላዩም። ከነሱ ቀጥሎ ያሉትም አላዩም። ያ ሁሉ ሰው ሲተኩስ የዋለው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ማለት ነው! ተቆጣጣሪው የእኔን ላይሰንስ ፎቶ አነሳ፣ ቦርሳዬን ፈተሸ፣ የወንድሜን አድራሻ መዘገበ። የሰውየውን ቦርሳ ግን አልነካም። ወፏን በካርቶን አድርጎ ይዟት ሄደ። ከመሄዱ በፊት «ውሃው ጥሩ ነው» ያላችሁትስ? ስለው፣ «ገጹ ገና አፕዴት አልተደረገም» አለኝ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሃይዌይ ወጣን። ከዚያ እኔ ፈነዳሁ።

«ለምንድን ነው ዝም ያልከው? የማን ጥፋት ነው የምትሸከመው አንተ?»

ወንድምጋሼ ጭቃ የነካ እግሩን ወደ ማሞቂያው ዘርግቷል። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«ስትጮኺ ጠመንጃው ክንድሽ ላይ ነበር» አለኝ። «ጥቁር ሴት፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጠመንጃ ይዛ የምትጮህ። ያ ወጣት ተቆጣጣሪ አንቺን ሲፈራ አላየሽም? እኔ የማየው እሱን ነበር። ጥፋቱን የተሸከምኩት አንቺ ዝም ብትዪ ብዬ ነው እንጂ፣ ማን እንደመታት ለኔ ምኔ ነው?»

እውነቱን ስለነበር የባሰ ተናደድኩ። በሰውየው፣ በተቆጣጣሪው፣ በዚያ ባዶ ቦይ፣ እንዲህ አድርጎ ማሰብ በተማረው ወንድሜም ጭምር። መሪውን ጨብጬ አለቀስኩ። እሱ መስኮቱን ትንሽ ከፈተልኝ።

ከሳምንታት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለ። ለወንድምሽ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል አሉኝ። አቤቱታ አለኝ አልኩ። የሰውየውን ስም ታውቂዋለሽ? ሲሉኝ አላውቀውም አልኩ። እንግዲያው ምንም ማድረግ አንችልም ተባልኩ። ወፏስ? ክንፏ የሚጠገን አልነበረም፣ ገደሏት።

ወንድምጋሼ ከዚያ ወዲህ አብሮኝ አልሄደም። ስጠይቀው ጉልበቱን ያመካኛል። ሐይቅ ዳር ያደገውን ሰው ከውሃ አስቀሩት። ይህን ይቅር አልልም።

በሚቀጥለው ዓመት የቦዩ በር ተከፍቶ ስለነበር ረግረጉ እስከ ሸምበቆው ወገብ ሞልቷል። የትም መቀመጥ ይቻል ነበር። ሰውየው ከነጓደኞቹ እዚያው ቦታው ላይ ነው። ሄጄ አጠገቡ፣ ሕጉ እስከሚፈቅደው ድረስ ተጠግቼ ታጣፊ በርጩማዬን ዘረጋሁ።

«ሞርኒንግ» አለኝ። አላወቀኝም።

«ዛሬ የምትተኩሰውን ሁሉ እያየሁ ነው» አልኩት፣ ስልኬን ወደ እሱ አዙሬ።

ያኔ አወቀኝ። ጓደኞቹን አየ፣ ሳቅ ሊል ሞከረ። ጥቂት ቆይቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረና ረጅም የጎማ ቦት ጫማውን እየጎተተ ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔም በርጩማዬን አጥፌ ተከተልኩት።