ሦስተኛው ካስማ

«እማማ፣ የበቅሎዎቹን ነገር ንገሪን» ብለው የያዙኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ነገሩን የቀሰቀሰችው ግን ትልቋ፣ ሕይወት ናት።

ለዕረፍት ቦንጋ መጥታ፣ ዝናቡ አላስወጣ ቢላት ኮምፒውተሯ ላይ ስታፈጥ ትውላለች። ከርነል የሚባለውን፣ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ሆኖ የሚያስተዳድራቸውን ነገር፣ ከጓደኞቿ ጋር እየሠራች ነው አለችኝ። አንድ ፕሮግራም ፋይል ክፈትልኝ ሲለው ከርነሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁልጊዜ ካልተያዙት ትንሹን። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ቁጥሩን ብቻ ነው። ፋይሉ ሲዘጋ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጣል።

«የቸገረኝ» አለች፣ «አንዱ ዘግቶት ቁጥሩ ለሌላ ፋይል ሲሰጥ፣ ሌላው ያንኑ አሮጌ ቁጥር እንደያዘ ቢቀርስ?»

የምልጠውን ጎደሬ አስቀመጥኩ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን አውቀዋለሁ።

ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ገበያው ጥግ ከአክስቴ ከበቀለች ጋር ነበርኩ። ገበያተኛ በቅሎውን እኛ ግቢ አስሮ ይውላል። ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሰው እስከ ጉልበቱ በቀይ ጭቃ ተለውሶ ነበር የሚደርሰው። ከበሩ ጀምሮ ካስማዎች ተተክለዋል፤ ለየካስማው ጭረት ያላት የቀርከሃ ምልክት አለች፤ ለአንደኛው አንድ ጭረት፣ ለሁለተኛው ሁለት። ምልክቷን ላመጣልኝ በቅሎ እፈታለሁ።

«ለበሩ ከሚቀርበው ባዶ ካስማ ጀምሪ» ትላለች አክስቴ። «በቅሎ ግቢ ሙሉ ከተበተነ ፋንድያውን የምትጠርጊው አንቺ ነሽ።»

እኔም የሰው ፊት አላይም፤ ጭረት ብቻ ነበር የምቆጥረው። በዚህም እኮራ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ሲያወርደው፣ ቢታ ገነት ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ እየተቻኮሉ መጡ።

«ምልክቴ ጠፍቶኛል። በቅሎዬን ታውቂያት የለ? ፍቺልኝ።»

አውቃታለሁ፤ ከሦስተኛው ካስማ ፈታሁላቸው። ከኋላቸው ከማንኪራ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ቆማለች፤ እግሯ የቆሰለ ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ደርሳ እስክትመለስ በቅሎዋን ልታስር። ለበሩ የሚቀርበው ባዶ ካስማ ያው ሦስተኛው ነው፤ ምልክቱ ግን የለም። እዚያው ፊቷ እርጥብ ቀርከሃ ሰንጥቄ ሦስት ጭረት አወጣሁበት።

«እጅሽ እንዴት ይፈጥናል፣ ልጄ!» አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ኩሊ የእንሰት ቅጠል ራሱ ላይ ደፍቶ መጣና ሦስት ጭረት ያላትን አሮጌዋን ምልክት ዘረጋልኝ። ጋሽ ሰይድ በቅሎዬን አምጣልኝ ብለው ሰጥተውት ኖሯል። እሱ ዝናቡ እስኪያባራ ጠላ ቤት ሲቀመጥ፣ መጠበቅ ሰልችቷቸው ራሳቸው መጡ፤ ጠፍቶኛል ያሉኝም ነገሩን ለማሳጠር ነው። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ ግን ቆጠርኩ፤ ሦስት ነው፤ ፈታሁለት። የጌታውን በቅሎ ለይቶ አያውቃትም፤ እየነዳ ወደ ቢታ ገነት መንገድ ወጣ።

ሴትዮዋ ስትመለስ ካስማው ባዶ ነው። አክስቴ በጩኸቱ መጣች፤ አሮጌውንና አዲሱን ምልክት አስተያየች።

«ይቺ የእኛ አይደለችም! አስመስለሽ ቀርጸሽ የሰው በቅሎ ልትወስጂ ነው?»

«ልጅቷ ፊቴ ነው የቀረጸችው። ይጠይቋት።»

አክስቴ ዞረችብኝ። ብታባርረኝ የምገባበት ቤት አልነበረኝም።

«እኔ አልቀረጽኩም» አልኩ።

ሴትዮዋ አየችኝ። ልጇን አጥብቃ አዝላ፣ በዚያ ዝናብ በእግሯ የማንኪራን መንገድ ያዘች። በጨርቅ የተጠቀለለው የልጅቷ እግር ከጎኗ ሲወዛወዝ ዛሬም ይታየኛል።

በሳምንቱ ጋሽ ሰይድ «ሁለት በቅሎ አለኝ እንዴ?» እያሉ መለሷት፤ አክስቴም በሰው አስይዛ ማንኪራ ላከቻት። እኔን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ብቻ ከዚያ ወዲያ አሮጌ ምልክት ለሰው አልሰጠሁም። ለእያንዳንዱ አዲስ ቀርከሃ ለሁለት እሰነጥቃለሁ፤ ግማሿን ለባለበቅሎው ሰጥቼ ግማሿን ካስማው ላይ አንጠለጥላለሁ። ስንጥቁ ካልገጠመ አልፈታም።

«እንግዲያው ቁጥሩ ያው ትንሹ ይሁን» አለች ሕይወት እየጻፈች። «ግን በተሰጠ ጊዜ ሁሉ አዲስ ስንጥቅ ይኑረው። ስንጥቁ ያልገጠመለት አይገባም።»

«የሰው ፊትም ይይ» አልኳት።

«ፕሮግራም ፊት የለውም እኮ፣ እማማ!»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በቅሎዋን እንጂ ስሟን ማን መለሰላት?

አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ትንሽ የምታነክስ የማንኪራ ሴት ማር ልትሸጥ ደጄ መጣች። እግሯን ምን እንዳገኘው ጠየቅኳት፤ እናቷ አዝላት ከቦንጋ በእግሯ ገብታ ታውቅ እንደሆነም ጠየቅኩ። እናቷ ሞታለች።

«አዎ፣ ከቦንጋ አዝላኝ ነው የገባችው» አለችኝ። «በቅሎዋ ገመድ በጥሳ ጠፍታባት ነበር። እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነበር የምትለው።»