ካሳን ልማድ ያስያዝኩበት ክረምት

ልጅ እያለሁ በአዳማ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የሐዲድ ሠራተኞቹ ፈረንጅ አለቃ። በሰንሰለት አስሮ ኪሱ ውስጥ ይይዘዋል፤ እያወጣ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። እኛን ግን ሰዓት አላማረንም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ትልቅ ግራር ላይ አንድ የሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘበኛው ጧት ለሥራ፣ ቀትር ላይ ለምሳ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ለመግቢያ በብረት ይመታዋል። የኔ ዘመን የአዳማ ልጆች ታስታውሱታላችሁ፤ "ሐዲዱ ሳይመታ እንድትመለስ" ተብሎ ያልተላከ ማን አለ? ያኔ ጣልያን አልመጣ፣ ከተማዋም ናዝሬት አልተባለች። ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ የሣር ጎጆ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አቧራና ነፋስ ነበረች።

አባቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ጧት አካፋውን ተሸክሞ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ሐዲዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ማታ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። እናቴ ወንድሜን በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። አንዱ ወባ ነው አለ፣ ሌላው ምች መታት አለ፤ እኔ የማስታውሰው እጇ ይፋጅ እንደነበር ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልጁን ካሳ አሉት፤ ለሞተችው ሰው ካሳ ይሁነን ማለታቸው ነው። እኔ ግን በልቤ፣ ይህ ሌት ተቀን የሚጮህ ቀይ ነገር የእናቴ ካሳ ከሆነማ ተታለናል እል ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከጣቢያው በስተምሥራቅ፣ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ለእናቴ ቅቤ የሚያመጡላት ደንበኛዋ። ሴት ልጅ ወልደው ያጠቡ ነበርና ወሬውን ሲሰሙ ራሳቸው መጡ፤ አባቴን "ልጁን አምጡልኝ፣ ጡቴ ለሁለት ይበቃል" አሉት። ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ ካሳን በአንቀልባ አዝዬ መመላለስ የኔ ሥራ ሆነ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ኮቱ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለቱን ሕፃናት ግራና ቀኝ ይዘው ሲያጠቡ ፊቴን ወደ ጥጆቹ አዞር ነበር። ለምን እንደማዞር የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም አላውቀውም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ደረቁ ወንዝ ደረቅ መሆኑ ቀረ። አንድ ቀን ጎርፍ ማዶ አስቀርቶን እስከ ማታ ዝናብ ሲወርድብን ዋለ፤ ካሳም ሳል ያዘው፤ መመላለሱም ቀረ። በሳምንቱ አዴ ጫልቱ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ካሳን በጉዲፈቻ ሊወስዱት ሽማግሌ ላኩ። ጉዲፈቻ እንደ ውሰት አይደለም። ልጁ የእነሱ ይሆናል፣ በእነሱ ስም ይጠራል፣ በአደባባይም የአብራካቸው ክፋይ ይባላል። አባቴ እስከ መስቀል ጊዜ ስጡኝ ብሎ ለመነ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ትክ ብሎ አየኝ።

"ወርቄ፣ ይኼ ልጅ እቤት መብላትና መተኛት ከለመደ ይቀርልናል። ካልለመደ ግን በረሃብ አልገድለውም" አለኝ።

"አለምደዋለሁ አባባ፤ እንዳይሰጡት ብቻ" አልኩት።

አንዲት ፍየል ነበረችን። አልባታለሁ፣ ወተቱን አፈላለሁ፣ በፈላ ውኃ አቀጥነዋለሁ፣ እስኪበርድ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ጥጥ ነክሬ ብሰጠው ተፋው። በመዳፌ ብግተው ግማሹ አንገቱ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ እኔን አጠበኝ። ጎረቤቶች እያለፉ ይመክሩኛል፤ አንዷ አብሽ ስጪው ትላለች፣ ሌላዋ ቅቤ አልሺው ትላለች፣ ልያዝልሽ የምትል ግን የለችም። እኩዮቼ ከቤታችን ጀርባ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ይሰማኛል። የጨርቅ ልጃቸውን ያስተኛሉ፣ ሲሰለቻቸው ጥለውት ይሄዳሉ። እኔ እውነተኛ ልጅ ይዤ በእነሱ እቀና ነበር።

ልማዱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ቀትር ላይ ሐዲዱ ሲመታ ካሳ ለቅሶውን አቋርጦ አፉን ከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት በመዳፌ ያለውን ወተት አፈሰስኩለትና ዋጠ። በማግስቱም እንደዚያው አደረግኩ። ከዚያማ ሕግ አወጣሁ። ሐዲዱ ሲመታ ወተት፤ ከወተት በኋላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እስኪያገሳ ጀርባውን መታ መታ፤ ከዚያ አንቀልባ፤ ከዚያ እሹሩሩ። በመካከል ቢያለቅስ የፈላ ውኃ በጥቂቱ ሰጥቼ ልቤን አደነድናለሁ። እንቅልፍ ሲያስቸግረው ደግሞ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ የግራ ጆሮውን ጫፍ በጣቶቼ መሃል ይዤ ቀስ ብዬ ሳሸው ዓይኑ ይከደናል። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ቤት የኔ ብቻ የሆነ ነገር እሱ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ካሳ የሐዲዱን ድምፅ እንደ ሠራተኛ ያውቀው ጀመር። አባቴ አንድ ቀን ምሳውን ሊበላ ሲገባ ሐዲዱ ተመታ፤ ካሳም ከተኛበት አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተ። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀና "ይኼማ ደመወዝተኛ ነው! አይሄድም፣ ይቀራል" አለ። በዚያ ቀን ደስታዬ የምቀመጥበትን አሳጣኝ፤ ፍየሏን ሳይቀር አቅፌ ሳምኳት።

የረሳሁት ነገር ቢኖር እሑድን ነው። እሑድ ሥራ ስለሌለ ሐዲዱ አይመታም። ካሳ እሑድ እሑድ ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል፣ ሰኞ ጧት ግን ሐዲዱ ሲሰማ የሁለቱንም ቀን ይጠጣል። እኔም ችላ አልኩት። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ግን ቅዳሜ ዋለና እሑድ ተከተለው። ቅዳሜ አልጠጣም አለ። ማታ አባቴ ሞከረ፤ እምቢ አለው፤ "ያልፍለታል" ብሎ ተኛ። እሑድ ረፋዱ ላይ የካሳ ከንፈር ደርቆ ነበር፤ እርግብግቢቱም ጎድጉዶ አየሁት። እርግብግቢት ሲጎደጉድ ልጅ እንደማይተርፍ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አባቴ ከሠራተኞቹ ጋር በሬ ጥለው ቅርጫ ላይ ናቸው። ወደ አዴ ጫልቱ እንዳልሮጥ ወንዙ ሞልቷል።

መጀመሪያ ዶማ በድንጋይ መታሁለት። ካሳ የማያውቃትን እብድ እንደሚያይ አየኝ። ከዚያ ወተቱን በቅል ይዤ፣ እሱን አዝዬ ወደ ግራሩ ሮጥኩ። ዘበኛውም ቅርጫው ላይ ስለነበር ማንም አልነበረም። ድንጋይ ላይ ቆሜ በብረቱ መታሁት፤ በልጅ ክንድ የተመታ ሐዲድ ድምፁ ትንሽ ነው። ደግሜ መታሁት። ጀርባዬ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝና አሁንስ ሰማ ብዬ መምታቴን ቀጠልኩ፤ እጄ እስኪዝል አላቋረጥኩም።

የሐዲድ ጠጋኝ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት ዛሬም ይገርመኛል። ሐዲዱ ሦስት ጊዜ በዝግታ ከተመታ የሥራ ሰዓት ነው። ሳያቋርጥ ከተመታ ጎርፍ ሐዲዱን በልቶታል፣ ባቡር ሊገለበጥ ነው፣ ውጡ ማለት ነው። እኔ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ካሳን ስግት፣ እሱም ጉልጭ ጉልጭ እያደረገ ሲጠጣ፣ ሠላሳ አርባ ወንድ አካፋ ይዞ የበዓል ልብሱን ሰብስቦ በፊታችን ሲሮጥ አለፈ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩንም። ጎርፍ የሚያስቸግርበት ቦታ ድረስ በጭቃ ሮጠው፣ ሐዲዱ ደህና ሆኖ አግኝተውት ተመለሱ። አንድ ሽማግሌ ግን ጭቃው አንሸራቶት ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ፈረንጁ በቋንቋው ጮኸ። ቃሉ አልገባኝም፤ ጣቱ ግን ገባኝ፤ ወደ አባቴ ነበር የሚያመለክተው።

አባቴ ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እቤት ገብተን ካሳን ከጀርባዬ አወረደና ብዙ ሰዓት አቅፎት ተቀመጠ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል እየሰማሁ፣ አንቺ ላይ የማይገባ ሸክም ጫንኩብሽ" አለኝ።

"ሁለተኛ አልመታውም አባባ። እሑድ እሑድ በአፌ እጮህለታለሁ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ካሳን ወሰድነው። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፤ አናቱን ቅቤ ቀቡት። አባቴ ያስገባቸው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ እስከ ሦስት ቀን ድረስ አልረጋ ካለ እንዲመልሱልን። ያን ጊዜ ተስፋ አደረግኩ። አዴ ጫልቱ እኔን ከሽማግሌዎቹ ለይተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጠየቁኝ።

"ወርቄ፣ ልጁን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንዴት ነው የሚተኛ?"

ጆሮው ትዝ አለኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ዝም ብሎ ይተኛል" አልኳቸው። "ምንም አይፈልግም።"

ሆነ ብዬ ነው የዋሸሁት። እንዲያለቅስ፣ እንዳይተኛላቸው፣ እምቢ ብሎ ወደ እኔ እንዲመለስ ፈልጌ ነው። አምስት ልጅ አሳድጌ፣ ጠጉሬ ሸብቶም ያቺን ውሸት እንደ ትላንት አስባታለሁ።

ሦስቱ ቀናት አላልፍ አሉኝ። በመጀመሪያው ቀትር ሐዲዱ ሲመታ ሳላስበው ወተት አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በመዳፌ ይዤ ራሴን አገኘሁት። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ወተቱን ራሴ ጠጣሁት። ልጆቹ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሄጄ ተቀላቀልኩ፤ አንዷ የጨርቅ ልጇን ስትሰጠኝ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ ጠፋኝ፤ ቀሎ ቀሎኝ።

በሦስተኛው ቀን ከአባቴ ጋር ሄድን። ገና ከደጁ ጆሮዬን አቁሜ ለቅሶ አዳመጥኩ። ጥጃ ነው እንጂ ልጅ አያለቅስም። ስንገባ ካሳ ከአዴ ጫልቱ ልጅ ጎን ቁርበት ላይ ተኝቷል፤ ማንም አልነካውም፣ ማንም ጆሮውን አልያዘለትም። ጉንጩ ሞልቷል። አዴ ጫልቱ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ።

"አንድ ቀን አላስቸገረኝም። እንዳልሽው ነው፤ ዝም ብሎ ይተኛል። ደህና አድርገሽ ነው ያስለመድሽው፤ አንቺ ባታስለምጂው ኖሮ እኔ ምን አደርገው ነበር?" አሉኝ።

አባቴ ደስ ብሎት አመሰገነ። ካሳ ሲነቃ አንስቼ አቀፍኩት፤ ፊቴን ጥቂት አየና በትከሻዬ በኩል ወደ አዴ ጫልቱ እጁን ዘረጋ። ሰጠኋቸው።

ወንድሜ ጉዲሳ ተብሎ አደገ። የከብትም የሰውም ሀብታም ነው፤ ሲመጣ "እህቴ" ይለኛል፣ ማር ያመጣልኛል፤ አዴ ጫልቱ ሲሞቱ ግን ያለቀሰውን ለቅሶ ለማንም አላለቀሰውም፤ ልክም ነበር። እኔ ባል አገባሁ፤ አምስት ወለድኩ። አንዳቸውንም ሰዓት አላስለመድኳቸውም። ሲያለቅሱ አጠባለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ካልሆነ አይተኙም፤ ለአንድ ቀን እንኳ ለሰው ትቼ መሄድ አልችልም ነበር። ሰው ሰነፍ ናት፣ አሞላቀቀቻቸው ይለኝ ነበር። ልማድ የያዘ ልጅ መሄድ አይቸግረውም ብዬ ፈርቼ እንደሆነ ለማን እነግራለሁ? አላስለመድኳቸውም፤ ግን ሁሉም አድገው በየፊናቸው ሄዱ።

የመጨረሻዋ ልጄ ነርስ ሆናለች። ልጇን በሰዓት ነው የምታሳድገው፤ ጡጦው በየሦስት ሰዓቱ፣ እንቅልፉ በየሦስት ሰዓቱ፤ ሁሉንም በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ትታው ሥራ ሄደች። ስትወጣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። እሱ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ጡጦውን ከእጄ ጠጣ፣ አገሳ፣ አልጋው ላይ ሳስተኛው አንዴ አየኝና ዓይኑን ከደነ። ልጄ እየሮጠች ስትመጣ እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጫለሁ።

"አየሽ እማዬ? ልማድ ሲይዝ እንዲህ ነው፤ ከማንም ጋር ይተኛል!" አለችኝ በደስታ።

"አዎ ልጄ፣ ከማንም ጋር ይተኛል" አልኳት፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።