እማዬ በሦስት ቀለም

ዘንድሮም ለተማሪዎቼ የሥዕል ውድድር የውሃ ቀለም ልገዛ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። ባለሱቁ ሃያ አራት ቀለም የተደረደረበት ሳጥን ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ። «ቲቸር፣ ይሄን ውሰጂ፣ ምን የሌለው አለ!» አለኝ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ነጥለህ ስጠኝ ስለው እንደ ቆጥቋጣ አየኝ። አልፈረድኩበትም። አንዱን ቱቦ ከፍቼ ሳሸተው ግን ያ የልጅነቴ የሙጫ ሽታ መጣና ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ውድድሩን ሳዘጋጅ ኖሬም ሽታው አሁንም ሆዴን ያባባዋል።

ልጅ እያለሁ ውድድሩን የሚያዘጋጀው የሥዕል አስተማሪያችን ጋሽ ደምሴ ነበር። ሰኔ ላይ ፈተና እንዳለቀ በየጠረጴዛው የውሃ ጣሳ፣ ብሩሽና የሦስቱን ቀለም ጠብታ ያድለናል። ከሦስቱ ሌላ ክልክል ነው፤ ከቤቱ ጥቁር ቀለም ደብቆ ያመጣ ወየውለት። «ጥቁር የፈለገ ከሦስቱ ይፍጠር! ነጭ የፈለገ ወረቀቱን አይንካው!» ይል ነበር፣ እየተንጎራደደ። እኛም ስናቦካ ስናቦካ ጣሳው ሁሉ የጎርፍ ውሃ ይመስላል፤ ዩኒፎርማችን ምን እንደሚሆን ደግሞ የሚያጥቡት እናቶቻችን ያውቁታል። የተመረጡት ሥዕሎች በወላጆች ቀን አዳራሹ ውስጥ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። የዚያን ጊዜ ልጅ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሥዕልን እዚያ ገመድ ላይ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ያን ዓመት የተሰጠን ርዕስ «የምወደው ሰው» ነበር። ከእናቴ ሌላ ማንን ልሳል! እማዬ ሆስፒታል ነርስ ነበረች። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሐኪሙን ሳይቀር የምትቆጣ። ከዚያ ግራ መንጋጋዋ ሥር እብጠት ወጣባት። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ታክማ ስትመለስ እብጠቱም አብሯት ተመለሰ፤ ጉንጯን ይዞ ወደ ዓይኗ ይወጣ ጀመር። ያቺ ሰው ፊት የማትፈራ እናቴ ከቤት መውጣት ተወች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረች። ነጠላዋን አገጯ ላይ ጠቅልላ፣ ግራዋን ለግድግዳው ሰጥታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ እኛም ማንም ሳይነግረን በቀኟ በኩል መቀመጥ ለመድን። ስለ ውድድሩ ስነግራት ግን «ሥዕልሽ ከተሰቀለ መጥቼ አያለሁ» አለችኝ። አባቴ ይሄን ሲሰማ ዓይኑን እየጠራረገ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ደግሞ እናቴን ከዚያ ቤት የማወጣት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አመንኩ።

እዚያው ክፍል ውስጥ በቃሌ ሳልኳት፤ በማውቀው በኩል፣ በቀኝ ጎኗ። ቢጫውን በዛ አድርጌ፣ ቀይ ጠብ አድርጌ፣ በሰማያዊ ሳደበዝዘው የጉንጯ ጠይምነት መጣልኝ። ለነጠላዋ ወረቀቱን አልነካሁትም። ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ቆሞ «ሸጋ!» አለ፤ እኔም አለቀልኝ፣ ተሰቀለ ብዬ ደስታውን አልቻልኩትም።

ዳኛ ሆነው የመጡት አያ አለሙ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ የኖሩ ሽማግሌ። ሥዕሎቹን እያነሱ እያስቀመጡ መጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ተቀየረ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እናቴ ናት።»

«ምነው ልጄ፣ ምን በደለችሽ?»

አልገባኝም። ያስረዱኝ ራሳቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደኛ መልሶ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። የጎንደር ልጅ ሁሉ ይሄን ግድግዳው ላይ እያየ ነው ያደገው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ግን እናቴን ስስል እንዴት ብሎ ትዝ ይበለኝ! ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «እናቷን ይሁዳ አደረገቻት!» ያለው ልጅ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ለምን በጎኗ እንደሳልኳት መናገር አልቻልኩም፤ እሷ የሸፈነችውን እኔ አደባባይ የማወጣው መሰለኝ። አያ አለሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥዕሉን ከሚሰቀሉት ለይተው አስቀመጡና አናቴን ደበስ አድርገውኝ አለፉ። ጋሽ ደምሴ አዲስ ወረቀት ሰጠኝ፤ ቀለሞቹንም በቆርኪ ላይ ጠብ ጠብ አድርጎ «ሁለቱንም ዓይኗን ሳዪና ነገ ጠዋት ይዘሽልኝ ነይ» አለኝ።

ቤት ስደርስ ዝም ልል ነበር፤ ግን ከእማዬ ምን ይደበቃል? እያለቀስኩ ነገርኳት። «አንቺ አትዙሪ፣ ቀኙን አይቼ ግራውን እንደሱ አደርገዋለሁ» አልኳት። አባቴን «በል አንተ፣ ውጣልን» አለችው፣ እንደ ድሮዋ እየተቆጣች። ከዚያ ነጠላዋን ፈታች፤ ወንበሩን አዞረችና ፊቷን በሙሉ ወደኔ መለሰች።

«እንዳለሁ ሳዪኝ። እንዳታቆነጃጂኝ።»

ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ ፊቷን በሙሉ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ግራ ዓይኗ ከእብጠቱ በላይ ጠብባ፣ ቆዳዋ ተወጥሮ ጠቁሯል። ቀዩን ከሰማያዊው ደባልቄ ያንን መልክ ሳገኘው ጠላሁት። እሷ ግን ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም፤ ሲደክማት አረፍ ትልና መልሳ ትዞራለች። «አፍንጫዬን ደግሞ አታስረዝሚው!» እያለች ታስቀኛለች። ስጨርስ ብዙ ቆይታ አየችው። «እኔ ነኝ» አለች።

በማግስቱ አያ አለሙ ሥዕሉን ሲያዩት «ማሪኝ ልጄ» አሉኝ፤ ገመዱም ላይ በገዛ እጃቸው ሰቀሉልኝ። በወላጆች ቀን እማዬ በአባቴ ክንድ ተደግፋ መጣች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሥዕሉን አየ፣ እንደተሸፋፈነች እሷን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ተመልሳ ትሄዳለች ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። እሷ ግን ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ሥዕሉ አጠገብ ሄዳ ቆመችና ለመጣው ሁሉ «የሳለችኝ ልጄ ናት!» ትል ጀመር። ሆስፒታል ያስታመመቻቸው እናቶች እየመጡ ሳሟት፣ ሁለቱንም ጉንጯን።

ክረምቱን አልዘለቀችውም። ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ሞተች። ከወላጆች ቀን በኋላ በእግሯ ከቤት አልወጣችም ነበር።

ዛሬ እኔ እዚሁ ጎንደር፣ አዘዞ አስተምራለሁ። ያኔ እኛ ቤት ፎቶ ብርቅ ነበር፤ አሁን ተማሪዎቼን የምትወዱትን ሰው ሳሉ ስላቸው ስልክ ይመዛሉ። ፎቶው ደግሞ ፊቱን አለስልሶ፣ አቅልቶ፣ የሰውየውን ዕድሜ ሁሉ አጥፍቶታል። «ስልኩን አስቀምጡና ሰውየው ፊት ቁጭ በሉ!» እላቸዋለሁ፤ ያጉረመርማሉ። እኔም እማዬ የሞተችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። አንዳንዴ ሳስባት እንደ ታናሽ እህቴ አንጀቴን ትበላዋለች።

ሁለቱም ሥዕሎች እኔ ጋ አሉ። የጎኗን ሳሎን ሰቅዬዋለሁ፤ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች!» ይላል፣ እኔም አዎ እላለሁ። የፊት ለፊቱን መኝታ ቤት አድርጌዋለሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ሰማያዊውም ለቅቋል። ሳሎን ያለችው ቆንጆ ናት። መኝታ ቤት ያለችው ግን በሁለቱም ዓይኗ ታየኛለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ» እላታለሁ።