ሽርጤን ከጣልኩ በኋላ የመጣው ትሪ

ዛሬ አዳማ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሽርጤን ፈትቼ ወረወርኩና «ከእንግዲህ የማንም አገልጋይ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። ቴአትሩ በዚሁ አለቀ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

የክብር እንግዳው ተነስተው ስለ ሴቶች እኩልነት ተናገሩ። ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።

ወዲያው አስተባባሪው ወደ እኛ ወደ ተዋናዮቹ መጣ። «እናንተ ሴቶች፣ ለእንግዶቹ ለስላሳ አድሉልን እንጂ!»

ወንዶቹ ተዋናዮች ደክሟቸዋላ! ባል ሆኖ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ቀላል ሥራ መሰላችሁ?

እኔና ሦስቱ ሴቶች ተያየን። ለስላሳ የተደረደረበትን ትሪ ወስደን የክብር እንግዳው ጭን ላይ አስቀመጥነው። «ጋሼ፣ እኩልነቱን ከእርስዎ እንጀምር።»

እሳቸውም ግራ ቀኝ አዩና ትሪውን አጠገባቸው ለተቀመጡት ባለቤታቸው አቀበሉ።

ወይዘሮዋ አንድ ለስላሳ አነሱና በኦሮምኛ «ገላቶማ» ብለው አመስግነው ትሪውን መለሱላቸው።

እናንተስ፣ ስለ እኩልነት በተሰበሰባችሁበት ቀን ትሪው ማን እጅ ላይ ነበር?