በከርከዴ የተጻፈ ማመልከቻ

የያዙኝ ደባርቅ መናኸሪያ፣ ወደ ዳባት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስልኬን ፈተሹ፤ ግጥም አገኙ። ከሰዓት በኋላ ቀድሞ የገብስ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገብሱ ፍሬና አገዳ አሁንም ነበር። በቆርቆሮው በር ሥር የተራራው ብርድ ይገባል።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ብቻ ነበሩ። ከጆንያቸው ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከመተማ የሚመጣ ከርከዴ፣ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ ቀይ አበባ፣ ይሸጡ ነበር። ሐጂ እላቸው ጀመር። የደም ግፊት ክኒናቸውን ከቀበቷቸው ጋር በር ላይ ወስደውባቸዋል።

«እንዲመልሱልዎት አልጠየቁም?» አልኳቸው።

«ጠባቂው ማመልከቻ አስገባ አለኝ። እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት። እስክሪብቶ ክልክል ነው አለኝ።»

ባለቤታቸው የደረቀ ከርከዴ በጨርቅ ቋጥረው አምጥተው ነበር። የሚገባውን ሁሉ ያመጣው ሰው መቅመስ ስላለበት፣ አንዱን አበባ ደረቁን በር ላይ አኝከው ነው ያስገቡት። ሐጂ ጠዋት ጠዋት አምስት አበባ በጣሳ ውሃ ዘፍዝፈው ይጠጣሉ። ፋርማሲስት ልጃቸው፣ ክኒኑን አይተካም፣ ግፊት ግን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል ብላቸዋለች።

እኔ ያየሁት ቀይነቱን ነው። በአራተኛው ቀን፣ ሐጂ የቀትር ሶላት ሲሰግዱ፣ አምስት አበባ በጥቂት ውሃ አሸሁ። በገብስ አገዳ እየነከርኩ፣ ዳቦ በተጠቀለለበት የደብተር ወረቀት ላይ ግጥም ጻፍኩ። አበቦቹን ጨምቄ፣ አድርቄ መለስኳቸው። ያጎደልኩት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ የጣሳው ውሃ ገርጥቶ ቀረ። ሐጂ ጣሳውን፣ ቀጥሎም ጣቶቼን አዩ።

«አበባው አልጎደለም ሐጂ። ቀለሙን ብቻ ነው የወሰድኩት።»

«ልጄ የነገረችኝ እኮ እሱን ነው። አንቶሳያኒን ይሉታል። አንተ ሌባ፣ መድኃኒቱ ቀለሙ ነው።» ማጅራታቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ከንጋት ጀምሮ ይመታቸው ነበር። «በል፣ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«ደህና ነው። አሁን ደግሞ ክኒን የሚያመጣ ጻፍ።»

የቀረውን አበባ፣ የሁለት ቀን የሚሆነውን፣ በሙሉ ጣሳው ውስጥ ጨመሩት።

«እምቢ ቢሉስ?»

«ማመልከቻውን ዘፍዝፌ እጠጣዋለኋ።»

ሌላ ወረቀት ስላልነበረ በግጥሜ ጀርባ ላይ ጀመርኩ። «በትህትና እለምናለሁ» ልል ስል እጄን ያዙኝ።

«አልለምንም። ክኒኑ የኔ ነው። የተወሰደብኝ ይመለስልኝ በል።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ጠባቂው ወረቀቱን ተቀብሎ አሸተተው።

«ደም ነው?»

«ከርከዴ ነው» አልኩት።

ገለበጠው። «ይሄኛውስ?»

«ግጥም ነው።»

«የማን?»

ያው ስልኬ ላይ ያገኙት፣ እዚህ ያስገባኝ ግጥም ነበር። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ።

«የኔ» አልኩ።

ክኒኑ በማግስቱ መጣ። ወረቀቱ አልተመለሰም፤ ስለ ግጥሙም የጠየቀኝ የለም። ሐጂ ክኒኑን በባዶ ውሃ ዋጡ። ከጽሑፉ ጣሳው ውስጥ የተረፈውን ከርከዴ አልነኩትም፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ግፊቱን ከልክ በላይ ያወርዱታል ብላ ልጃቸው አስጠንቅቃቸዋለች። ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ቀለምህ ነው።»

ወረቀት አልነበረኝም። ጠጣሁት።

ከተፈታን ወዲህ ወደ ደባርቅ ስወጣ በሱቃቸው በኩል አልፋለሁ። ያን ግጥም መልሼ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ግማሹ ጠፍቶኛል። ማመልከቻውን ግን ከነአራት ነጥቡ አስታውሰዋለሁ። ሦስት መስመር ነበር።